አርቲኤክስ 3060 ወይስ አርኤክስ 6600? ከዓመት በላይ ተጠቅሜ ያየሁት

የኤንቪዲያው አርቲኤክስ 3060 እና የኤኤምዲው አርኤክስ 6600 የኮምፒውተርን ምስል የሚሠሩ ግራፊክስ ካርዶች ናቸው፤ ሁለቱም የወጡት እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። የመነሻ ዋጋቸውም እኩል 329 ዶላር ነበር። በኋላ 6600 ዋጋው እየወረደ ሄደ፤ 3060 ግን ብዙም አልነቃነቅ አለ። አዲስ አበባ ላይም 3060 ሁልጊዜ ወደድ ይላል። ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ያ ልዩነት በብር ሲሰላ ደህና ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያድለውን ሳጥን) የሚገዛ ሆኗል።

እኔ የገዛሁት ባለ 12 ጊጋ ሜሞሪውን 3060 ነው። ጓደኛዬ 6600 አለው። ማዘርቦርዳችንም ፕሮሰሰራችንም አንድ ዓይነት ስለሆነ ካርድ ተቀያይረን ለሳምንታት ሠርተንበታል። የምጽፈው ሁለቱንም በእጄ ይዤ ያየሁትን ነው።

ከጌም ልጀምር። 1080ፒ ሞኒተር ላይ ካውንተር ስትራይክ 2ን፣ ጂቲኤ 5ን፣ ኢኤ ኤፍሲን ስትጫወቱ አንዱን ካርድ ከሌላው በዓይን መለየት አይቻልም። 3060 በሰከንድ በጥቂት ፍሬም (ምስል) ይቀድም ይሆናል፤ ቁጥሩን ስክሪን ላይ ካላወጣችሁ ግን አታውቁትም። ሳይበርፐንክ 2077 ላይ ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን ጉዞ እያሰላ ጥላና ነጸብራቅ የሚሠራውን) ስታበሩ ነው ነገሩ የሚለየው። 6600 እዚያ ጋ እጁን ይሰጣል። 3060ም ቢሆን ያለ ዲኤልኤስኤስ አይወጣውም።

ዲኤልኤስኤስ ቀላል ነገር አይደለም። ጌሙን ዝቅ ባለ ጥራት ይሠራና መልሶ ያሳድገዋል። የኤኤምዲው ኤፍኤስአር 2ም ይህንኑ ያደርጋል፤ 1080ፒ ላይ ግን ልዩነታቸው ይታያል። የሽቦ አጥር፣ የዛፍ ቅጠል፣ የገጸ ባሕርይው ፀጉር በኤፍኤስአር ሲንቀሳቀስ ይብለጨለጫል። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ኤንቪዲያ አዲሱን የዲኤልኤስኤስ ሞዴል ሲያወጣ ለቆዩት የአርቲኤክስ ካርዶችም ሰጠ። ዕድሜው የገፋው ካርዴ ምስሉ ከበፊቱ ጠራ። ኤኤምዲ ግን ኤፍኤስአር 4ን ሲያወጣ በይፋ ለአርኤክስ 9000 ካርዶች ነው ያደረገው፤ 6600 ያላቸው ውጭ ቀሩ። ይህ ያሳዝነኛል።

ኤኤምዲን ግን የማመሰግንበት ነገር አለኝ። ኤንቪዲያ ፍሬም ጄኔሬሽንን (በሁለት ፍሬም መካከል ተጨማሪ ፍሬም ሠርቶ የሚያስገባውን) ለአርቲኤክስ 40 እና ከዚያ በኋላ ለመጡት ካርዶቹ ብቻ ነው የሰጠው። የኤፍኤስአር 3 ፍሬም ጄኔሬሽን ግን የኔ ካርድ ላይም ይሠራል። የገዛ ኩባንያው የነፈገውን ባላንጣው ሰጠው።

አሁን ወደ መብራት እንምጣ። አዲስ አበባ ላይ ካርድ ስትመርጡ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። 3060 እስከ 170 ዋት ይወስዳል፤ 6600 ደግሞ 132። ወረቀት ላይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ብዙዎቻችን ቤት ያለው ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚይዘው ባለ ባትሪ ሳጥን) ግን ያ 650 ቪኤ የሚባለው ነው፤ የሚሸከመው ቢበዛ 360 ዋት አካባቢ ነው። ካርዱ፣ ፕሮሰሰሩና ሞኒተሩ ሲደመሩ ጌም ላይ ወደ 300 ይጠጋሉ። መብራት እልም ሲል ዩፒኤሱ ይህን ሁሉ ጭነት በቅጽበት መቀበል አለበት። ባትሪው ትንሽ ካረጀ አይችለውም፤ ኮምፒውተሩም አብሮ ድርግም ይላል።

ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የካርዱን የኃይል ጣሪያ ወደ 80 በመቶ አወረድኩት። 136 ዋት ማለት ነው፤ ከ6600 ጋር እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው። የቀነሰብኝ ፍሬም በጣት የሚቆጠር ነው። ጌሙንም ሞኒተሬ በሚችለው 75 ፍሬም ላይ ገደብኩት። አሁን መብራት ሲሄድ ጌሙን ሴቭ አድርጌ ዊንዶውሱን በሥርዓት ለመዝጋት በቂ ጊዜ አገኛለሁ። 3060 ያላችሁ ሁሉ ይህን ዛሬውኑ ብታደርጉት ደስ ይለኛል።

አየሩም ሊታሰብበት ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል ፋኑ ያንኑ ያህል ዞሮም ከካርዱ የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ውጭ አገር የተለካ የሙቀት ቁጥር ስታዩ የተወሰነ ዲግሪ ጨምሩበት። አቧራው ደግሞ በተለይ በበጋ ምሕረት የለውም፤ የኬዙን ወንፊት ካላጸዳችሁ ፋኑ ይጮኻል። ከዚህ በቀር ካርዱ አላስቸገረኝም። ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ድራይቨርም ሁለቱም ጋ ደህና ነው፤ ፋይሉ ከግማሽ ጊጋ በላይ ስለሆነ በሞባይል ፓኬጅ ለሚያወርድ ሰው ግን ይከብዳል።

የኔ ኮምፒውተር ማታ ይጫወታል፣ ቀን ይሠራል። የቤት ውስጥ ዲዛይን ብሌንደር በሚባለው ባለ ሦስት ገጽታ ፕሮግራም ሬንደር እያደረግኩ (ሞዴሉን ወደ ምስል እየቀየርኩ) ነው የምተዳደረው። ምርጫዬን የወሰነውም ይህ ነው። ብሌንደር የኤንቪዲያን ካርድ ኦፕቲክስ በሚባል ሶፍትዌር ያሠራዋል፤ የኤኤምዲን ደግሞ ኤችአይፒ በሚባለው። ኤችአይፒ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ከብሌንደር 3.0 ጋር ነው። ይሠራል፤ በፍጥነት ግን ኦፕቲክስን አይደርስበትም።

አንድ የሳሎን ሥራ ነበረኝ። ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ የመጋረጃው ጨርቅ ሁሉ ከፍተኛ ጥራት ያለው ቴክስቸር (በቅርጹ ላይ የሚለበጥ ምስል) የለበሰ ነው። 3060 ላይ የካርዱ ሜሞሪ ከ9 ጊጋ አለፈ፤ ሬንደሩ ግን ሳይቆም ሄደ። ያንኑ ፋይል 6600 ላይ ስሞክረው 8 ጊጋው አልበቃ ብሎት ቆመ። ቴክስቸሮቹን አንድ በአንድ ማሳነስ ነበረብኝ። ሬንደሩ ካለቀ በኋላ ምንጣፉን ቀረብ አድርጌ ሳየው ክሩ ጠፍቷል። ደንበኛ የሚከፍለኝ ደግሞ ለዚያ ክር ነው።

ጌም ላይም 12 ጊጋው ጥቅም አለው። እነ ሆግዋርትስ ሌጋሲና ዘ ላስት ኦፍ አስ ፓርት 1 እ.ኤ.አ. በ2023 ለኮምፒውተር ሲወጡ ባለ 8 ጊጋ ካርዶችን አስጨንቀዋል። ቴክስቸሩን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ግን ብዙውን ችግር ይፈታል።

ስለዚህ ጌም ብቻ ለሚጫወት ሰው 3060 ግዙ አልልም። 6600 ውሰዱና በተረፈው ብር ጥሩ ፓወር ሰፕላይ፣ ቢቻል አዲስ የዩፒኤስ ባትሪ ግዙ። ብሌንደር ወይም ሌላ ባለ ሦስት ገጽታ ሥራ ያለው ሰው ግን ዓይኑን ሳያሽ 3060ን ይያዝ። እኔ ዛሬም ብገዛ ያንኑ ነው የምገዛው።

ስትገዙ ተጠንቀቁ። በዚሁ በ3060 ስም የሚሸጥ ባለ 8 ጊጋ ካርድ አለ። ያነሰው ሜሞሪው ብቻ አይደለም፤ የዳታው መተላለፊያም ከ192 ቢት ወደ 128 ጠብቧል። ጌም ላይ በግልጽ ይዘገያል። ያገለገለ ካርድ ከሆነ ደግሞ ክሪፕቶ ማይኒንግ (እንደ ኢቴሪየም ያለ ዲጂታል ገንዘብ ማምረት) ላይ የኖረ ሊሆን ይችላል። ኢቴሪየም በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲያበቃ ብዙ ካርድ ወደ ገበያ ፈስሷል። ቺፑ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ የሚያልቀው ፋኑና ቺፑ ላይ ተቀብቶ ሙቀቱን የሚያሻግረው ቴርማል ፔስት ነው።

የካርዱን ዝርዝር የሚያሳየውን ጂፒዩ-ዚ የሚባል ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ካርዱ ተሰክቶ ሲያሳዩአችሁ ሜሞሪው 12288 ሜጋ፣ ባስ ዊድዝ (የዳታው መተላለፊያ) 192 ቢት፣ ሼደርስ 3584 ማለቱን አረጋግጡ። ከዚያ አንድ ከባድ ጌም አስነሱና ካርዱ እስኪግል ድረስ ፋኑን አዳምጡ። የሚያንኳኳ ድምፅ ከሰማችሁ፣ ወይም ሻጩ ሰክቶ ለማሳየት ካንገራገረ፣ ሌላ ሱቅ ሂዱ።