የብሩክስ ኮርቻ ቅባት፦ በአንድ አሮጌ ራሌ ብስክሌት ላይ የተደረገ ሙከራ

አባቴ በባሕር ዳር ከቤት ትምህርት ቤት ሲመላለስበት የኖረው ራሌ ብስክሌት ወደ እኔ ሲዞር፣ ጎማውና ፍሬኑ ተለውጠው የሚድኑ ሆነው ሳለ ኮርቻው ግን ተስፋ የሚያስቆርጥ ነበር፤ መሐሉ ጎድጉዷል፣ ሁለቱ ጎኖቹ ወደ ውጭ ተንጋደዋል፣ ቆዳው ደግሞ በጥፍር ሲቆረቆር እንደ ደረቅ ቅል ይንኳኳል። ለንደን የምትኖረው እኅቴ ይህን ሰምታ ብሩክስ የተባለው ኮርቻ ሠሪ ድርጅት ለራሱ ኮርቻዎች የሚሸጠውን ፕሩፋይድ የተሰኘ ቅባት አንድ ትንሽ ቆርቆሮ አመጣችልኝ። እዚህ የምገመግመው ይህን ቅባት ነው፤ ሆኖም ቅባቱ የሠራውን ሥራ እጄ ከሠራው ለመለየት፣ ኮርቻውን ቤቴ ውስጥ እንዴት እንደጠገንሁት አብሬ መናገር ይኖርብኛል።

ድርጅቱን ያቆመው ጆን ቦልትቢ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1866 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ የፈረስ ዕቃና የቆዳ ሥራ የጀመረ ሰው ሲሆን፣ ለብስክሌት ኮርቻ የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1882 ነው። መነሻው የፈረስ ዕቃ መሆኑ ዛሬም በኮርቻው ላይ ይታያል፤ ስፖንጅ የለውም፤ አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው አንድ ወጥ ቆዳ ከፊትና ከኋላ በብረት ላይ በሪቬት (ጫፉ ተደፍጥጦ በሚያዝ የብረት ችንካር) ተመትቶ መሐሉ በአየር ላይ ተወጥሯል። በጠፍር አልጋ ላይ ተኝቶ ያደገ ሰው ነገሩን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም፤ ጠፍሩ ሲላላ አልጋው ይጎደጉዳል፣ ሲወጠር ይመለሳል፣ ከልክ በላይ ሲወጠር ይበጠሳል። በኮርቻው ላይ የመወጠሩን ሥራ የሚሠራው ከአፍንጫው ሥር የተደበቀ አንድ ቡሎን ነው።

ቆርቆሮው ሲከፈት በመጀመሪያ አፍንጫን የሚያገኘው የጠጅ ሣር ሽታ ነው። በእርግጥም ከቅባቱ ውስጥ ከጠጅ ሣር ዘመድ የሚወጣው የሲትሮኔላ ዘይት አለበት፤ የቀረው ሞራ፣ የዓሣ ዘይት፣ የአትክልት ዘይት፣ ፓራፊንና የንብ ሰም ነው። በማለዳ ብርድ እንደ ሰም ይጠጥራል፤ በጣት ጥቂት ሲታሽ ግን ቀልጦ ወደ ቆዳው ይገባል። ዝርዝሩን ያየች እናቴ ሞራና ሰም ከእኛ ገበያ ጠፍቶ ነው ወይ ከእንግሊዝ የሚመጣው ብላ ጠይቃኛለች፤ ጥያቄዋ ፍትሐዊ ነው፣ ነገር ግን ወሩ ዓቢይ ጾም ስለ ነበር በጓዳዋ ሞራ እንዳቀልጥ አልፈቀደችልኝም።

ቅባቱን ከመንካቴ በፊት ሦስት ቀን የፈጀ ሌላ ሥራ ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ ጠጋኝ ጉድጓዱን ለማቃናት ብሎ ቡሎኑን እስከ መጨረሻው አጥብቆት ስለ ነበር፣ ከኋላ ካሉት ሪቬቶች በአንዱ ዙሪያ ቆዳው መሰንጠቅ ጀምሯል። ስለዚህ መጀመሪያ ቡሎኑን አላላሁት፤ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ፣ ቆዳውን ለብ ባለ ውኃ እስኪለዝብ አርሼ፣ ጎኖቹን ወደ ውስጥ ገፍቼ፣ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ በቀደድሁት ላስቲክ ዙሪያውን ጠፍንጌ አሰርሁት። ማድረቁ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እርጥብ ቆዳ በርበሬ በሚሰጣበት ፀሐይ ወይም በከሰል አጠገብ ከዋለ ይኮማተርና ዳግመኛ የማይመለስ ድርቀት ይይዛል፤ ስለዚህ በጥላ ሥር አየር በሚያገኝበት ቦታ አቆየሁት።

ከደረቀ በኋላ በሁለቱ ጎኖች የታችኛው ጠርዝ ላይ፣ ከዳር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብዬ፣ ስድስት ስድስት ቀዳዳ በቀበቶ መብሻ አወጣሁ። ወስፌ ሞክሬ ነበር፤ በዚህ ውፍረት ቆዳ ላይ ግን እጅን ከማድማት በቀር የሚፈይደው ነገር የለም። ከዚያ ቀጭን ጠፍር በኮርቻው ሆድ ሥር ከግራ ወደ ቀኝ እያመላለስሁ እንደ ጫማ ክር ሳብሁት፤ ጎኖቹ ሲሰበሰቡ የጎደጎደው መሐል ዓይኔ እያየ ብድግ አለ። ቡሎኑን መልሼ ያጠበቅሁት ሩብ ዙር ብቻ ነው።

ፕሩፋይድ የገባው ከዚህ በኋላ ነው። ከላይ በርከት አድርጌ፣ ከሥር ደግሞ ስስ አድርጌ በጣቴ ቀባሁና አሳድሬ በማግሥቱ በደረቅ ጨርቅ ወለወልሁት፤ በሳምንቱም ደገምሁት። አመዳም የነበረው ቆዳ የቡና ቀለሙን አገኘ፣ በጥፍር ሲቆረቆር የነበረው ድምፅ ደፈነ፣ ከላይ ያሉት የፀጉር ያህል ስንጥቆችም በዓይን ለመለየት አስቸጋሪ ሆኑ። ከዝናብ በኋላ ውኃው እንደ ቀድሞው ወደ ውስጥ ሳይሰርግ ከላይ ተንጠባጥቦ ሲወርድ አይቻለሁ፤ ይህም ማለት ኮርቻውን የሐምሌ ዝናብ ሲወርድበት ውጭ ማሳደር ይቻላል ማለት አይደለም።

ቅባቱ የማይሠራውን በሚመለከት ግን ገዢዎች ሊሳሳቱ አይገባም። የረገበ ቆዳ አይወጥርም፤ ያንን የሠሩት ጠፍሩና ቡሎኑ ናቸው። ከሪቬቱ ሥር የተነሣው ስንጥቅም እንደ ነበረ አለ፤ ጎንበስ ብዬ በአውራ ጣቴ ስጫነው አፉን ይከፍታል፣ ምንም ዓይነት ቅባት የሚዘጋውም አይደለም። የተቀደደ ኮርቻ ያለው ሰው ገንዘቡን ለቅባት ሳይሆን ለአዲስ ቆዳ ቢያውለው ይሻለዋል።

ደርቆ ነገር ግን ሳይቀደድ ለቀረ ኮርቻ ግን ከሊስትሮ ቀለምም ከወጥ ቤት ዘይትም አስበልጬ እመርጠዋለሁ። የጫማ ቀለም ከላይ ይቀራል፣ ከዚያም ወደ ሱሪ ይተላለፋል፤ ዘይት በበኩሉ በገፍ ጠልቆ ቆዳውን እጅግ ስለሚያለዝበው፣ ለወንበር ቆዳ ምንም ባይጎዳ እንኳ ተወጥሮ ሰው ለሚሸከም ቆዳ መርገብን ያፋጥናል። ፕሩፋይድም ቢሆን በዓመት ከሁለትና ከሦስት ጊዜ በላይ አያስፈልገውም፤ ሁለት ጊዜ ቀብቼ ከቆርቆሮው ያጎደልሁት ሩቡን እንኳ አይሞላም።