የቤተሰብ ጸሎት፦ ጠዋት ወይስ ማታ?

እዚህ ደብረ ማርቆስ ጓደኞቼ የማይጨርሱት ክርክር ነው።

ጠዋት፦ ውዳሴ ማርያም ለሳምንቱ 7 ቀናት የተከፈለ ስለሆነ የዕለቱን አድርሶ መውጣት ደስ ይላል። ችግሩ ልጆቹ ናቸው። አንዱ ካልሲውን ይፈልጋል፣ ሌላዋ ቆማ ታንቀላፋለች። "አቡነ ዘበሰማያት" ላይ ስንደርስ የትምህርት ቤቱ ባጃጅ ጡሩንባውን ይነፋል።

ማታ፦ ሁሉም ቤት አለ። እኛ ከራት በፊት ነው የምንጸልየው፤ ከበሉ በኋላማ ማን ይነሳል! ትንሿ ልጄ ጧፉን ትይዛለች። ሰሙ ጣቷ ላይ ቢንጠባጠብም አትለቅም። መብራት ሲጠፋ እንዲያውም ይበልጥ ያምራል።

ወጪው በሁለቱም ያው የጧፍ ነው።

ተማሪ ለሌለበት ቤት ጠዋቱ ይሻላል። ልጆች ላሉት ማታው። ሰኔ ላይ ሲያርስ ለሚውል ገበሬ ግን ማታው አይሆንም፤ ጸሎቱ ሳያልቅ መደቡ ላይ ጋደም ይላል።