ሴይቼንቶ በሐረጎ ዳገት፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ፍርዴን ላስቀድም። ሴይቼንቶ የምንላት ፊያት 600 ዲ ደሴ ለሚኖር ሰው የምትመከር መኪና አይደለችም፤ እኔ ግን አልሸጣትም።

ከመስከረም ወዲህ ደሴና ኮምቦልቻ እያመላለሰችኝ ነው። በአንድ ወቅት የአዲስ አበባ ታክሲ ስለነበረች የማያውቃት ሽማግሌ የለም፤ ዛሬ ግን በእኛ አካባቢ በራሷ ሞተር የምትሄድ ብርቅ ናት። የእኔዋ በሮቿ ማጠፊያቸው ከኋላ ስለሆነ ከፊት በኩል ይከፈታሉ፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1964 አከፋፈቱን ከመቀየሩ በፊት የተሠራች ናት ማለት ነው። ፒያሳ ላይ በር ስከፍት መንገደኛው ቆሞ ያያል፤ አልዋሽም፣ ደስ ይለኛል።

767 ሲሲ ሞተሯም ራዲያተሯም ከኋላ ናቸው። የፊት ነፋስ ስለማያገኛቸው ተስፋው ሁሉ ማራገቢያው ላይ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፤ ደሴ ከ2,450 ሜትር ይበልጣል። በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ስትወጣ አየሩ ይሳሳል፣ ጉልበቷ ይደክማል፤ ደሴ ላይ ደግሞ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደግነቱ የውስጥ ማሞቂያዋ ሙቅ አየር የሚወስደው ከራዲያተሩ ነውና ዳገቱ ሲጀመር እከፍተዋለሁ። እግሬ ይጠበሳል፣ ሞተሩ ይተርፋል። በጭጋጋማ ማለዳ ይህ ድሎት ነው፤ ከኮምቦልቻ በቀትር ለተነሣ ግን ቅጣት። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ መውረድ ግድ ነው፤ የአራቱም ጎማ ፍሬን ታምቡር ስለሆነ ሲግል ይከዳል።

ላሜራው ብዙ አስለቅሶኛል። የመጀመሪያው ጋራዥ የወለሉን ዝገት በስቱኮ ደፍኖ፣ ቀለም ቀብቶ አስረከበኝ፤ የነሐሴ ዝናብ ገለጠው። ሌላ ባለሙያ ቆርጦ አዲስ ላሜራ በየደበት። የሞተር ዕቃ ሲጠፋ በዛስታቫ 750 ስም ጠይቁ፤ ዩጎዝላቪያ ይህችኑ መኪና በዚያ ስም እ.ኤ.አ. እስከ 1985 ስትሠራ ስለነበር ብዙው ዕቃ ይገጥማል።

ሱቅ ያጣሁትን ያገኘሁት ግን ከባለሴይቼንቶዎች ነው። የማሞቂያውን ዘዴ የነገሩኝም ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ሞተሩ መቆራረጥ ሲጀምር ወሰድኩላቸው። ረጅም ካቻቢቴ አምጥተው ጫፉን ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ቫልቩ ደህና ነው ልጄ። ፑንቲናውን ፈትተህ አሳየኝ።»

ፑንቲናው፣ ማለትም ካንዴላው እሳት እንዲሰጥ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው ትንሽ ዕቃ፣ ተቃጥሎ ጠቁሯል። ከቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ አዲስ ፑንቲና አወጡ።

«ስንት ልክፈልዎት ሐጂ?»

«አዲስ አበባ ያለው ልጅ ዲናሞ ቸግሮታል። አንተ ትርፍ አለህ፤ ላክለት።»

በማግስቱ በአውቶቡስ ላክሁለት። እሱ ደግሞ የኋላ መብራት ክዳን ላከልኝ፤ ሒሳቡን ማን እንደሚይዘው እንጃ።

አሁን የጎደለኝ የግራ በር ማጠፊያ ነው። ግቢው ውስጥ የቆመች ሴይቼንቶ ያለችው ሰው ቢኖር፣ በምትኩ ያልተነካ የፍሪሲዮን ዲስክ እሰጣለሁ።