«ለባንኩ መክፈል አቁሙ» የሚሏችሁን ዕዳ አስቀናሾች ተጠንቀቁ

አሜሪካ ውስጥ የክሬዲት ካርድ ዕዳ ለከበደው ሰው እየደወሉ «ለባንኩ መክፈል አቁም፣ በየወሩ እኛ በምንከፍትልህ ሂሳብ አስቀምጥ፣ ዕዳህን በግማሽ እንጨርሰዋለን» የሚሉ ሴትልመንት ካምፓኒዎች አሉ። እናንተ ስታጠራቅሙ ግን ባንኩ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። ወለድና ቅጣት ይቆጥራል፣ አብዛኛውን ጊዜ በ180 ቀን ዕዳውን ቻርጅ ኦፍ ያደርገዋል። ተሰረዘልኝ ብሎ የሚደሰት አለ፤ በባንኩ መዝገብ ኪሳራ ተብሎ ተጻፈ እንጂ ዕዳው አለ። ከዚያ ባንኩ ራሱ ይከሳል ወይም ለኮሌክሽን (ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት) ይሸጠዋል።

«ግማሽ» የሚሉትንም አስሉት። 10,000 ዶላር ዕዳ በ5,000 ቢያልቅ፣ ኮሚሽናቸው ከዋናው ዕዳ 25 በመቶ ከሆነ 2,500 ይጨመራል። የተተወላችሁ 5,000 ደግሞ እንደ ገቢ ይቆጠራል (ከ600 ዶላር ጀምሮ 1099-ሲ የሚባለው የታክስ ፎርም ይመጣል)፤ በ22 በመቶ ታክስ 1,100። ድምሩ 8,600 ነው፣ የመሃሉ ወለድ ሳይገባ። በስልክ ያስፈረመ ካምፓኒ ቢያንስ አንድ ዕዳ ሳያስማማ ክፍያ እንዳይቀበል ከ2010 ጀምሮ በፌዴራል ደንብ ተከልክሏል። ቅድሚያ ክፍያ ከጠየቋችሁ ስልኩን ዝጉት።

ዋናው አደጋ ስትከሰሱ የሚመጣው የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው። «ካምፓኒው ይጨርሰዋል» ብላችሁ መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። የመልስ መስጫው ጊዜ እዚያው ላይ ተጽፏል፤ በብዙ ስቴት ከ20 እስከ 30 ቀን ነው። ለካምፓኒው መደወል መልስ አይባልም፤ መልሱ በጽሑፍ ለፍርድ ቤቱ መግባት አለበት። ካልገባ፣ የተጠየቀው ገንዘብ ልክ ባይሆን እንኳ በሌላችሁበት ይፈረድባችኋል። ከፍርዱ በኋላ ታክስ ተቆርጦ ከሚቀረው ደመወዝ እስከ 25 በመቶ ሊወሰድ ይችላል። ቴክሳስና ፔንሲልቬንያ ለካርድ ዕዳ ደመወዝ አያስነኩም፤ የባንክ ሂሳብ ግን እዚያም ይታገዳል። «ትታሰራለህ» የሚል ኮሌክተር ሕግ የሚጥሰው እሱ ነው፤ ፍርድ ቤት ቅረብ ብሎ ካዘዘ በኋላ መቅረት ግን የእስር ማዘዣ ሊያስወጣ ይችላል።

ለዓመታት የቆየ ዕዳ ላይ «ለቅንነት 20 ዶላር ብቻ ላክ» ሲሏችሁም አትላኩ። በብዙ ስቴት ያቺ 20 ዶላር ይርጋውን (ለመክሰስ የተሰጠውን የጊዜ ገደብ) እንደ አዲስ ታስጀምረዋለች።

ከባንኩ ጋር በቀጥታ መደራደር ወይም ለትርፍ ያልቆመ የክሬዲት አማካሪ ማነጋገር ይሻላል። ከእነዚህ ካምፓኒዎች ጋር የፈረማችሁ ካላችሁ ያጠራቀማችሁት ብር የእናንተው ነው፤ በጽሑፍ ውሉን አቋርጡ፣ ያለ ቅጣት በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ሊመልሱላችሁ ይገባል።