ትልቁ፣ ቀጭኑ ወይስ ትንሹ? ለመጀመሪያ ልጅ ጋሪ ስትመርጡ

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። የመጀመሪያ ልጄን ስጠብቅ ግን ደረጃውን ከጋሪ ጋር አያይዤ አንድም ቀን አላሰብኩትም። ያየሁት ፎቶውን ነበር። ትልልቅ ጎማ፣ እንደ አልጋ የሚዘረጋ መኝታ፣ ተነቅሎ መኪና ውስጥ የሚገባ ወንበር። «ሦስት በአንድ» ይሉታል። ገዛነው።

ባዶውን 13 ኪሎ ነው። ልጁ ሦስት ወር ሲሞላው 6 ኪሎ ሆነ። ሲደመር 19 ኪሎ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውሃ ያህላል ማለት ይቻላል። ጀሪካን ደግሞ ሲደክም ሁለተኛ ፎቅ ላይ አስቀምጦት ማረፍ ይቻላል። ልታርሰኝ የመጣችው እናቴ አንድ ቀን ደረጃ መሀል ላይ አገኘችኝና «የኔ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ብረት ከምትጎትቺ እኔ ባዝለውስ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ጋሪው ደረጃ ሥር በሰንሰለት ታስሮ ቀረ።

ሁለተኛዋን ስወልድ ሌላ ዓይነት ገዛሁ። በመሀል ደግሞ የእህቴን ተውሼ ለወራት ገፍቻለሁ። ስለዚህ ሦስቱንም ዓይነት በእጄ አውቃቸዋለሁ። እዚህ የማወዳድራቸው በአዲስ አበባ መንገድና በአዲስ አበባ ደረጃ ነው።

ስማቸውን ላቅልለው። «ትልቁ» የምለው ያንን ሦስት በአንዱን ነው። «ቀጭኑ» እንደ ጃንጥላ ተሰብስቦ ዱላ የሚመስለው ነው። «ትንሹ» ደግሞ ታጥፎ ሻንጣ የሚያክለው፣ አሁን አሁን በየሱቁ የሚታየው ነው።

መጀመሪያ፣ ጀርባው ይዘረጋል ወይ?

ከቀለም በፊት፣ ከዋጋም በፊት የሚጠየቀው ይሄ ነው። የአራስ ልጅ ጭንቅላት ለሰውነቱ ከባድ ነው፤ አንገቱ ደግሞ ገና አልጠናም። ቀና ብሎ ሲቀመጥ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቃል። ያኔ የአየር መተላለፊያው ይጠባል። ስለዚህ ልጁ በደንብ መቀመጥ እስኪችል፣ ማለትም እስከ 6 ወር ገደማ፣ ጋሪው ጠፍጣፋ ወይም ለጠፍጣፋ የቀረበ መኝታ ሊኖረው ይገባል። ኢኤን 1888 የሚባለው የአውሮፓ የጋሪ ደኅንነት መስፈርት ከ6 ወር በታች ላለ ልጅ የሚሆን ወንበር ከጀርባ እስከ መቀመጫ ቢያንስ 150 ዲግሪ እንዲከፈት ይጠይቃል።

ሱቅ ውስጥ ዲግሪ የሚለካ ሰው የለም። እኔ እንዲህ አደረግሁ። አንድ ሻጭ «ከተወለደ ጀምሮ ይሆናል» ብሎ የሚያምር ጋሪ አሳየኝ። ጀርባውን እስከ መጨረሻው ልቀቀው አልኩት። ለቀቀው፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። በእጄ የያዝኩትን ሃይላንድ የጀርባው ጨርቅ ላይ አጋደምኩት። ተንከባለለና መቀመጫው ጥግ ላይ ተወሸቀ። ልጅም እንደዚያው ነው የሚንሸራተተው፤ ተንሸራቶ ይጎብጣል፣ አገጩም ይወርዳል። ሻጩ አሁንም «ትራስ ይደረግበታል» አለኝ። ትራስ ማዕዘኑን አይለውጠውም። ትቼው ወጣሁ።

ትልቁ ለማን ይሆናል?

እውነቱን ለመናገር፣ መንገድ ላይ ትልቁን የሚያህል የለም። ጎማው ሰፊ ነው፤ አንዳንዱ በአየር የሚነፋ ነው። ኮብልስቶን ላይ ልጁ አይንቀጠቀጥም። መኝታው ከፍ ስለሚል የመኪና ጭስና አቧራ ፊቱ ላይ ያን ያህል አይመጣም፤ ልጁም ወደ እናንተ ዞሮ ይተኛል። ከሥሩ ያለው ቅርጫት ዳይፐሩንም አስቤዛውንም ይችላል። ጎማው ቢተነፍስ ሰፈር ያለ ጎሚስታ ይሞላዋል። በኮሪደር ልማት በተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ላይ ደግሞ በአንድ እጅ ይነዳል።

ችግሩ መንገዱ ላይ እስክትደርሱ ነው። አብዛኞቹ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ይመዝናሉ። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ አይገባም፤ ቢገባም ረዳቱ የሁለት ሰው ሂሳብ ይጠይቃል። የትንሽ መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከገባ ለሌላ ዕቃ ቦታ አይተርፍም።

ሌላም የማይታሰብ ነገር አለ። ትልቁን ውድ የሚያደርገው የአራሱ መኝታ ነው። እሱ ደግሞ የሚያገለግለው እስከ 6 ወር ነው። በእኛ አገር ግን አራስ መች ትወጣለች? በብዙ ኦርቶዶክስ ቤት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሱ ሕፃን ከደጅ አይወጣም። ሴት ልጅ ከሆነች መኝታው ዕድሜው ሊጋመስ ጥቂት ሲቀረው ነው መንገድ የሚያየው። እኔ ቤት የጠቀመኝ ለሌላ ነገር ነበር። ጠዋት ጠዋት መኝታውን ብቻ ነቅዬ በረንዳ ላይ አስቀምጥና ልጁን ጸሐይ አሞቀው ነበር። ለእሱ ግን ቅርጫትም ይበቃል።

የመኪናውን ወንበር በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። መኪና ላላቸው ይሄ የትልቁ ትልቁ ጥቅሙ ነው። ሕፃኑ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ በኋላ ወንበር ላይ ታስሮ ይሄዳል። ኤርባግ ያለው የፊት ወንበር ላይ በፍጹም አይቀመጥም። ወንበሩ ከጋሪው ጋር ስለሚገጥም ብቻ ግን እንደ አልጋ አትጠቀሙበት። በአንድ ጊዜ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይበት ይመከራል፤ ምክንያቱ ያው የአገጩ ጉዳይ ነው። ሁልጊዜ በኮንትራት ታክሲ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት የምትሳፈሩባቸው መኪኖች የኋላ ቀበቶ እንዳላቸው እዩ። ያለ ቀበቶ ወንበሩ ዋጋ የለውም።

ስለዚህ ትልቁ ግቢ ላላቸው፣ ምድር ቤት ለሚኖሩ፣ የማይቋረጥ ሊፍት ላላቸውና መኪና ለሚነዱ ነው። ለእነሱ ያለ ምንም ማመንታት ግዙ እላለሁ።

ቀጭኑ

ይሄን ጋሪ የፈጠረው ኦወን ማክላረን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፤ የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላንን ማረፊያ እግር ሠርቷል። ያንኑ የመታጠፍ ዘዴ በቀላል አሉሚኒየም ወደ ልጅ ጋሪ አመጣውና እ.ኤ.አ. በ1965 እንደ ጃንጥላ የሚሰበሰበውን ጋሪ ነደፈ። ዛሬ በየሱቁ የተደረደሩት ቀጫጭን ጋሪዎች የእሱ ልጆች ናቸው።

ዋጋው ከሦስቱ ዝቅ ይላል፤ ክብደቱም ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 7 ኪሎ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ጉልበታችሁ መሀል ይቆማል። እኔ ልጄን ታቅፌ፣ ጋሪውን ክንዴ ላይ አንጠልጥዬ አራት ፎቅ ወጥቼበታለሁ።

ለመጀመሪያ ጋሪነት ግን አይሆንም። አብዛኞቹ ጀርባቸው ብዙም አይዘረጋም፤ መቀመጫው እንደ ከረጢት ስለሆነ ልጁ ይጎብጥበታል። ስለዚህ ከ6 ወር በኋላ ነው። እጀታው ሁለት ቦታ ስለሆነ በአንድ እጅ መግፋት አይቻልም። ዝናብ ሲመጣ ጥላ የምትይዙበት፣ ወይም ትልቁን ልጅ አስፋልት የምታሻግሩበት እጅ አይተርፋችሁም። በእህቴ ጋሪ በጣም የተቸገርኩት በዚህ ነው።

መታጠፊያውንም ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ የማክላረን ጋሪዎች ለእርማት ተጠርተው ነበር። መታጠፊያው የልጆች ጣት ጫፍ እስከ መቁረጥ ደርሶ ስለነበር ማጠፊያውን የሚሸፍን ጨርቅ ተሰጠ። የየትኛውም ፋብሪካ ይሁን፣ ስትዘረጉትና ስታጥፉት ልጁ አጠገቡ አይቁም።

ትንሹ፣ የኔ ምርጫ

ለሁለተኛዋ የገዛሁት ይሄን ነው። ዓይነቱን ያስወደደው እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዮዮ የሚባል የፈረንሳይ ጋሪ ነው፤ ሲታጠፍ 52 በ44 በ18 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ማለትም አውሮፕላን ውስጥ ከራስ በላይ ባለው ዕቃ ማስቀመጫ ይገባል። አሁን ተመሳሳዩን የሚሠሩ ብዙ ናቸው። የእኔ 7 ኪሎ ነው። ትከሻዬ ላይ በማንገቻው አንጠልጥዬው፣ ልጅቷን ታቅፌ ደረጃውን እወጣለሁ። ቤት ውስጥ ከበር ጀርባ ይቆማል። በአንድ እጅ ይገፋል፤ አንዳንዱ በአንድ እጅ ይታጠፋል።

ከትንሾቹ ውስጥ ጀርባቸው ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋም የማይዘረጋም አለ። የሃይላንዱን ነገር እዚህ ነው የምትፈትኑት። የሚዘረጋውን ካገኛችሁ ከክርስትና ማግስት ጀምሮ ያገለግላችኋል፤ ቀጭኑንም በኋላ መግዛት አያስፈልግም።

ጉድለቱን አልደብቅም። ጎማው ትንሽ ነው። ኮብልስቶን ላይ የፊቱ ጎማ በሁለት ድንጋይ መሀል ይሰነቀርና ጋሪው ድንገት ቀጥ ይላል። ልጅ ካልታሰረ ወደ ፊት ይወረወራል። መላው እንዲህ ነው፤ መንገዱ ሲበላሽ ጋሪውን አዙሩት፣ የፊቱን ጎማ ከመሬት ትንሽ አንሡና በሁለቱ የኋላ ጎማ ወደ ኋላ እየተራመዳችሁ ሳቡት። የፊት ጎማው የሚቆለፍ ከሆነም ቆልፉት። ቅርጫቱም ትንሽ ነው፤ አስቤዛ አይችልም። ቦርሳ እጀታው ላይ መስቀል ደግሞ አይሞከርም፤ ጋሪው ቀላል ስለሆነ ልጁን ስታነሱት ወደ ኋላ ይገለበጣል።

ሊፍት የሌለው ፎቅ ላይ የምትኖሩ፣ በታክሲ የምትንቀሳቀሱ፣ አንድ ጋሪ ብቻ መግዛት የምትችሉ ከሆነ ይሄን ግዙ። መንገዳችሁ ከበራችሁ ጀምሮ ኮረኮንች ከሆነ ግን የትኛውም ጋሪ አያዋጣም። አንቀልባ ይሻላል። እናቴ ትክክል ነበረች። ከጀርባ የሚታዘለው ግን ልጁ አንገቱ ሲጠና ነው፤ እስከዚያ ከፊት ደረት ላይ ፊቱ እየታየ ይያዛል።

ከመክፈላችሁ በፊት

ፍሬኑን ያዙና ጋሪውን በኃይል ግፉት። ካንሸራተተ ተዉት፤ የእኛ ከተማ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ቀበቶው ሁለት ትከሻ፣ ሁለት ወገብና መሀል እግር፣ ባጠቃላይ አምስት ቦታ የሚይዝ ይሁን። ራሳችሁ ሻጩ ሳይነካው ዘርጉት፣ እጠፉት። «የጎማ መለዋወጫ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። የእኔ ትልቁ ጋሪ አንድ ጎማው ሲሰበር የገዛሁበት ሱቅ «መለዋወጫ አናመጣም» ብሎኛል።

ያገለገለ መግዛት ምንም አይደለም፤ ልጅ ቶሎ ስለሚያድግ ብዙ ጋሪ ሳያረጅ ይሸጣል። ፍሬኑን፣ የመታጠፊያውን ቁልፍና የቀበቶውን ስፌት እዩ፤ ጨርቁን አውልቃችሁ እጠቡ። የመኪናውን ወንበር ግን ከማታውቁት ሰው አትግዙ። አደጋ የደረሰበት ወንበር ከውጭ ደህና ይመስላል፤ ውስጡ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁም ትንሹን አስመጡ። ትልቁ በካርቶኑ የአንድ ሻንጣን 23 ኪሎ አብዛኛውን ይበላል፤ ትንሹ ሻንጣው ውስጥ ከልብስ ጋር ይገባል።

የጸሐይዋን ነገር ደግሞ አደራ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ጸሐይዋ ታቃጥላለች። ስለዚህ የጋሪው ጥላ ወደ ፊት በደንብ የሚሳብ ይሁን። ጥላው አጥሮባችሁ ነጠላ ወይም ጋቢ ከላይ እስከ ታች አታልብሱት። አየር አይገባም፣ ውስጡ ቶሎ ይግላል፣ ልጁም አይታያችሁም። የክረምቱ የዝናብ ላስቲክም እንደዚያው ነው፤ ቤት ስትገቡ ወይም ዝናቡ ሲያባራ ወዲያው ግለጡት።