ዲዝኒሲ ወይስ ዩኒቨርሳል? የጃፓን መዝናኛ ፓርክ ትኬት ከመግዛትዎ በፊት

በቶኪዮ ካትሱሺካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በየዓመቱ የማይቀርልን አንድ ጥያቄ አለ። ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ዘመድ ሊመጣ ሲነሣ፣ ስለ ቪዛውና ስለ ማረፊያው ተነጋግረን ሳንጨርስ «ልጆቹን የት እንውሰዳቸው? ዲዝኒ ይሻላል ዩኒቨርሳል?» ይላል። ይህንኑ በድምፅ መልእክት ደጋግሞ መመለስ ስለ ሰለቸኝ በጽሑፍ ላስቀምጠው ወሰንኩ። ገለልተኛ ነኝ አልልም፤ የእኔ ምርጫ ቶኪዮ ዲዝኒሲ ነው፣ እሱም በሥራ ቀን። ይህን የምለው ሁለቱን ፓርኮች በራሴ ኪስና በዘመዶቼ ኪስ ደጋግሜ ካየኋቸው በኋላ፣ በተለይም አንድ መጥፎ ግዢ ካስተማረኝ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ ስሙ እንዳያሳስትዎ፦ ቶኪዮ ዲዝኒላንድም ሆነ ጎረቤቱ ዲዝኒሲ ያሉት ቶኪዮ ውስጥ ሳይሆን በቺባ ግዛት በኡራያሱ ከተማ ነው። ዲዝኒላንድ በ1983 እ.ኤ.አ.፣ ዲዝኒሲ ደግሞ በ2001 የተከፈቱ ሲሆን፣ ሁለቱም የየራሳቸው በርና የየራሳቸው ትኬት አላቸው። ከቶኪዮ ጣቢያ በኬይዮ መስመር እስከ ማይሃማ 15 ደቂቃ ያህል ነው፤ ሆኖም የዚህ መስመር መሣፈሪያ ከሌሎቹ ባቡሮች እጅግ የራቀ ስለ ሆነ፣ በዚያው ጣቢያ ውስጥ ልጅ እየጎተቱ የሚሄዱበትን ሌላ ሩብ ሰዓት አስቀድመው ያስቡበት። ከማይሃማ ወደ ዲዝኒሲ የሚያደርሰው ሞኖሬል (በአንድ ሐዲድ የሚሄድ ባቡር) መስኮቱ የሚኪ ጆሮ ቅርጽ ስላለው የፓርኩ ስጦታ ይመስላል፤ ግን ለብቻው ይከፈልበታል። በእግር 20 ደቂቃ ገደማ ስለ ሆነ እኔ ጠዋት በእግሬ እሄድና ማታ ድካሙ ሲያይል እከፍላለሁ።

ዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ ጃፓን ግን ኦሳካ ነው፤ ብዙ ሰው በጀቱን የሚያበላሸው ይህን ኋላ ላይ ሲደርስበት ነው። ከቶኪዮ እስከ ሺን ኦሳካ ጣቢያ ፈጣኑ ባቡር ሺንካንሰን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ ዋጋውም ለአንድ አዋቂ በአንድ ጉዞ 14,000 የን ገደማ ነው። ደርሶ መልስ ሲባል የባቡሩ ወጪ ብቻ ከፓርኩ መግቢያ በብዙ ይበልጣል ማለት ነው። ድሮ ቱሪስቶች ለተወሰኑ ቀናት እንደ ልብ የሚያሳፍረውን የጄአር የባቡር ፓስ ገዝተው ይህን ያቃልሉት ነበር፤ ከጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን የሰባት ቀኑ ፓስ ከ29,650 ወደ 50,000 የን ስለ ዘለለ፣ የቆየ ምክር የሚሰጥዎትን ሰው አመስግነው ይለፉት። ጉዞዎ ኦሳካን ወይም ኪዮቶን የሚነካ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል፤ ለአንድ ፓርክ ብቻ ብሎ ከቶኪዮ መነሣት ግን ለእኔ አይዋጥልኝም።

ወደ መግቢያው ዋጋ እንምጣ። በዲዝኒ የአንድ ቀን ትኬት እንደ ቀኑ ጭንቅንቅ ለአዋቂ ከ7,900 እስከ 10,900 የን፣ ከ12 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ ከ6,600 እስከ 9,000፣ ከ4 እስከ 11 ዓመት ላለ ደግሞ ከ4,700 እስከ 5,600 ይደርሳል፤ ከዚያ በታች ያሉ ሕፃናት አይከፍሉም። ለምሳሌ አባት፣ እናት፣ የ14 ዓመት ልጅና የ8 ዓመት ልጅ ያሉበት ቤተሰብ በርካሹ ቀን 27,100 የን ይከፍላል፤ በውዱ ቀን ደግሞ 36,400። የ9,300 የን ልዩነት ነው፤ በርካሹ ቀን ደግሞ ወረፋውም አጭር ነው፤ ስለዚህ ውዱን ቀን የሚገዛ ሰው ብዙ ከፍሎ ጥቂት ይጫወታል። ዩኒቨርሳል ለታዳጊ የተለየ ዋጋ የለውም፤ ልጅ 12 ዓመት ከሞላው አዋቂ ነው፣ የአዋቂም ዋጋ ከ8,600 የን ተነሥቶ በበዓል ሰሞን ከ10,000 በላይ ይወጣል። ታዳጊዎች ያሉት ቤተሰብ ይህን ልብ ይበል።

ከመግቢያው በላይ ኪስ የሚያራቁተው ግን ወረፋ ማሳጠሪያው ነው። ዩኒቨርሳል ውስጥ ኤክስፕረስ ፓስ ይሉታል። አስቀድሞ በጥቅል የሚሸጥ ሲሆን፣ በተጨናነቀ ቀን ዋጋው ከመግቢያው እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሱፐር ኒንቴንዶ ወርልድ የተባለው የማሪዮ ጨዋታ ክፍል ሰው ሲበዛበት በሰዓት ተመድቦ ስለሚያስገባ፣ ጎብኚው ፓሱን የሚገዛው ለፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን ጭራሽ ሳይገባ እንዳይቀር በመፍራት ነው። በዲዝኒ በኩል ደግሞ ከገቡ በኋላ በስልክ መተግበሪያው ለአንድ መጫወቻ ብቻ ከ1,500 እስከ 2,500 የን የሚከፈልበት አሠራር አለ፤ ከእሱም ሌላ ለአንዳንድ መጫወቻዎች በነጻ የሚወሰድ ፕራዮሪቲ ፓስ አለ። የሚፈልጉትን አንዱን ገዝተው ሌላውን መተው ይችላሉ ማለት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ በዚህ ክፍያ የልጅ ዋጋ የሚባል የለም፤ አራት ዓመት የሞላው ሁሉ እንደ አዋቂ ይከፍላል።

መጥፎው ግዢ የመጣው ከዚሁ ኤክስፕረስ ፓስ ነው። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር በመጣች ጊዜ፣ ለምትፈልገው ቀን የፓርኩ ፓስ አልቆ ነበር። እኔም «ዘዴ አለኝ» ብዬ ከአንድ መልሶ ሻጭ ለአራት ሰው 62,000 የን ከፍዬ ገዛሁ። የተላከልን በስልክ የሚታይ ኪው አር ኮድ ነበር፤ ዓርማው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ ሁሉ የተስተካከለ ነው። መግቢያውን በሕጋዊ መንገድ ስለ ገዛን በሩን ያለ ችግር አለፍን። ከመጀመሪያው መጫወቻ ፊት ስንደርስ ወጣቷ ሠራተኛ የስልኬን ገጽ በመሣሪያዋ አነበበች፣ ደግማ አነበበች፣ ከዚያም ዝቅ ብላ ይቅርታ ጠይቃ ሁለት ክንዶቿን ደረቷ ላይ አመሳቀለች። በጃፓን ይህ ምልክት «አይሆንም» ማለት ነው፤ ትርጉሙን ለአክስቴ ልጅ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ያንኑ ኮድ ከእኛ በፊት ሌላ ሰው ተጠቅሞበታል፤ ሻጩ አንዱን ፓስ ገልብጦ ለስንት ሰው እንደ ሸጠው እግዚአብሔር ይወቅ። ታናሹ ልጅ «አጎቴ፣ ተበላሸ እንዴ?» ሲለኝ የምለው አጣሁ። ገንዘቡ አልተመለሰም፤ ሁለቱ ፓርኮች ትኬትን መልሶ መሸጥ ስለሚከለክሉ አቤት የሚባልበትም አልነበረም። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ በፓርኩ ድረ ገጽ ወይም ፓርኩ ራሱ ወኪሌ ብሎ ባሳወቀው ድርጅት ካልሆነ፣ ያለቀ ትኬት «አለኝ» የሚልን ሰው አይመኑ። ዲዝኒሲን የምመርጥበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ማፋጠኛው የሚገዛው ከገቡ በኋላ በመተግበሪያው ከራስዎ ትኬት ጋር ተያይዞ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ገልብጦ ለመሸጥ አይመችም።

የዲዝኒ ትኬት ለሽያጭ የሚወጣው ከጉብኝቱ ቀን ሁለት ወር አስቀድሞ በጃፓን ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማለትም በፈረንጆች አቆጣጠር 14፡00 ላይ ነው። እዚህ ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የምትመች አንዲት ነገር አለች፦ ጃፓን ከአዲስ አበባ ስድስት ሰዓት ስለምትቀድም፣ በሀገራችን አቆጣጠር የተሞላ የአዲስ አበባ ሰዓት ሁልጊዜ የቶኪዮውን ቁጥር ያሳያል። ቶኪዮ ከቀትር በኋላ 2፡00 ሲል አዲስ አበባ ያለው ሰው ግድግዳው ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓትን ያያል። ዱባይ ላለው የፈረንጆቹ ጠዋት 9፡00 ነው፤ ዋሽንግተን ያለው ግን እኩለ ሌሊት ወይም ከዚያ አንድ ሰዓት አልፎ መነሣት አለበት። ክፍያውን ራስዎ ሲፈጽሙ ባንክዎ የማረጋገጫ ኮድ ወደ ስልክ ቁጥርዎ ሊልክ ይችላል፤ ስለዚህ ቁጥርዎ በእጅዎ ሳለ፣ ከጉዞው በፊት ይግዙ። ጃፓን ደርሰው የሀገርዎን ሲም ካርድ አውጥተው ካስቀመጡ በኋላ ኮዱ የት እንደሚደርስ መገመት ነው።

ስለ ቀን አመራረጥ ብዙ አልልም። ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ያለውን ጎልደን ዊክ የሚሉትን የተከታታይ በዓላት ሰሞን፣ የነሐሴ አጋማሽን የኦቦን (የሙታን መታሰቢያ) ሰሞን፣ የአዲስ ዓመቱን ሳምንትና የመጋቢት መጨረሻን የትምህርት ቤት ዕረፍት ይሽሹ፤ ወሮቹን የምጠራው በፈረንጆቹ ነው። ከጥር አጋማሽ በኋላ ያሉት የሥራ ቀናት ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን በጥር ሁለተኛው ሰኞ አካባቢ ተጠንቀቁ፤ የወጣቶች የዕድሜ መሙላት በዓል ስለ ሆነ የኡራያሱ ከተማ ሥነ ሥርዓቱን የሚያከብረው ራሱ ዲዝኒላንድ ውስጥ ነው፣ ሐር የመሰለ ኪሞኖ የለበሰ ወጣት ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል። በጃፓን የብርድ ወራት ዲዝኒሲ ከቶኪዮ ባሕረ ሰላጤ የሚነሣው ነፋስ አጥንት ድረስ ይሰማል፤ የማታው ትርኢትም በነፋስ ምክንያት ሊሰረዝ ይችላል። ይህ የምወደው ፓርክ እውነተኛ ጉድለት ነው።

ስልክዎ እዚያ ትኬትም ካርታም ኪስም ስለ ሆነ፣ ባትሪው ካለቀ ቀኑ አለቀ። እኔ አንድ ጊዜ ከአንድ የጎዳና ሻጭ በ1,500 የን የገዛሁት፣ ጀርባው ላይ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የተጻፈበት ፓወር ባንክ ስልኬን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሞላ ጋለና ጎኑ አበጠ። ቤት ወስጄ ልጠግነው ብዬ ስከፍተው፣ ክብደት እንዲኖረው አሸዋ የተሞላ ከረጢት ከአንዲት ትንሽ ባትሪ ጋር አገኘሁ። ጃፓን ከየካቲት 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፒኤስኢ የተባለው የደኅንነት ምልክት የሌለው ፓወር ባንክ እንዳይሸጥ ከልክላለች፤ ምልክቱ በክብ ውስጥ የተጻፈ ነውና ከመግዛትዎ በፊት አገላብጠው ይዩት። እንደዚሁ ከፓርኩ ውጪ በርካሽ የሚሸጠው የሚኪ ጆሮ ከምሳ በፊት ሙጫው ይለቃል።

ምግብ ይዞ መግባት በሁለቱም ዘንድ አይፈቀድም፤ ዲዝኒ ከበሩ ውጪ የተቋጠረ ምሳ የሚበላበት ቦታ አዘጋጅቷል። ጾመኛ ከሆኑ ይህ ቦታ ያድንዎታል፤ ከፓርኩ ምግብ ውስጥ ሥጋ፣ ወተት ወይም ቅቤ ያልነካውን መፈለግ አድካሚ ነው፤ ፋንዲሻው እንኳ አንዱ በአኩሪ አተር ስጎና በቅቤ የታሸ ነው።

ታዲያ ለማን የትኛው? ከ5 ዓመት በታች ልጆች ብቻ ያሉት ሰው ዲዝኒላንድ ይሂድ፤ ዲዝኒሲ ውስጥ በርካታ መጫወቻዎች የቁመት ገደብ አላቸው፣ የምድርን ከርሠ ጥልቅ የሚያስጎበኘውም 117 ሴንቲሜትር ይጠይቃል። ትኬት ሳይገዙ ልጁን ግድግዳ ላይ አቁመው ይለኩት። ስፔስ ማውንቴን የተባለውን በጨለማ የሚከንፍ መጫወቻ የሚመኝ ሰው ግን ዲዝኒላንድ አይቸኩል፤ በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ተዘግቶ አዲሱ የሚጠበቀው በ2027 ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ዩኒቨርሳልን ለምን እንደሚመርጥ ደግሞ አይገባኝም፤ የሃሪ ፖተሩም ሆነ የኒንቴንዶው ዓለም በካሊፎርኒያና በፍሎሪዳም አለ። ዲዝኒሲ ግን በዓለም ላይ ይህ አንዱ ብቻ ነው። በአሜሪካ የዲዝኒ ፓርክ በውድ ቀን ከ200 ዶላር በላይ ሲያስከፍል፣ እዚህ በውዱ ቀን የሚከፈለው 10,900 የን በ150 ሒሳብ 73 ዶላር አይሞላም።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ጥር ተመልሳ መጣች። በማክሰኞ ዕለት ዲዝኒሲ ገቡ፤ መግቢያው ለአራቱ 27,100 የን፣ በ2024 እ.ኤ.አ. በተከፈተው ፋንታሲ ስፕሪንግስ በተባለው የፓርኩ ክፍል ለአንድ መጫወቻ ማፋጠኛ ለአራቱም 8,000 የን፣ ሌላው ሁሉ በወረፋና በነጻው ፓስ። ድምሩን እዚያው ወረፋ ላይ ቆማ በስልኳ ደመረችና 35,100 የሚለውን አሳየችኝ፤ ያኔ ለሐሰተኛው ፓስ የከፈልኩትን ግን በደግነቷ አላነሣችብኝም።