አሳ የምለካባት ዲጂታል ካሊፐር፣ ከስምንት ወር በኋላ

ሀዋሳ መናኸሪያ አካባቢ የቶርኖና የብየዳ እቃ ከሚሸጥ ሱቅ በ1,800 ብር የገዛኋት ባለ 150 ሚሊሜትር ዲጂታል ካሊፐር (እቃን በሁለት መንጋጋ ይዞ ልኩን ስክሪን ላይ የሚያሳይ መለኪያ) ነች። ብራንድ የላትም፣ ሳጥኗ ላይ ያለው የቻይንኛ ጽሁፍ ብቻ ነው። ሰው የሚገዛት ለብረት ስራ ነው፣ እኔ ግን ማስተርሴ አሳ ላይ ስለሆነ ስምንት ወር ሙሉ አሳ ነው የለካሁባት፣ እና ተመሳሳይ ስራ ለምትጀምሩ ልጆች ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

አንድ አሳ እስካሁን ስም ያልወጣለት ዝርያ ነው ለማለት "ይሄ ለየት ይላል" ብሎ ነገር አይሰራም። ግራ ጎኑን ይዛችሁ ከአፉ ጫፍ እስከ ጭራው ስር ትለካላችሁ፣ የጭራው ክንፍ አይቆጠርም። ከዛ የጭንቅላቱ ርዝመት፣ የአይኑ ስፋት፣ የሰውነቱ ቁመት፣ አፉ ዳር ያለችው ሪዝ፣ ሁሉም ይለካና ትልቅ አሳ ከትንሽ አሳ ጋር እንዲወዳደር ወደ ፐርሰንት ይቀየራል። ደሞ ቆጠራ አለ፣ የጀርባ ክንፉ ዘንጎች፣ ጎኑ ላይ በተሰመረው መስመር ያሉት ቅርፊቶች፣ ስንጥቡ ውስጥ ያሉት ጥርስ መሳዮች። ለዲኤንኤ የሚሆነውም አሳው ፎርማሊን (እንዳይበሰብስ የሚቀመጥበት ፈሳሽ) ውስጥ ከመግባቱ በፊት ከክንፉ ቆረጥ ተደርጎ አልኮል ውስጥ ይቀመጣል፣ ፎርማሊን ዲኤንኤውን ስለሚያበላሸው። ካሊፐሯ የምትፈተነው ግን ልኬቱ ላይ ነው። አስቡት፣ የአይኑ ስፋት 5 ሚሊሜትር የሆነ አሳ ላይ 0.2 ከተሳሳታችሁ 4 ፐርሰንት ስህተት ነው፣ ሁለት ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚለየው ልዩነት ራሱ አንዳንዴ ከዛ አይበልጥም።

አያያዟ ጥሩ ነው፣ መንጋጋዋ ቀጥ ብሎ ይገጥማል፣ ስክሪኗ ትልቅ ስለሆነ እጅ በጓንት ሆኖም ይነበባል። መጀመሪያ የተለማመድኩት አሞራ ገደል፣ ሀዋሳ ሀይቅ ዳር ያለው የአሳ ገበያ ነው፣ ጠዋት በጊዜ ሄጄ አሳ የሚበልቱት ልጆች ቢላ ሳያነሱ ቆሮሶ (ቲላፒያ) እየለካሁ። አንድ አሳ አጥማጅ አባት የያዝኩትን አይተው "ይሄኛው እኮ ከስቶ ነው ጭንቅላቱ የገነነው" አሉኝ፣ ለክቼ ሳየው እውነትም የጭንቅላቱ ርዝመት እንደሌሎቹ ነው፣ የቀነሰው የሰውነቱ ቁመት ነው። ከዛን ቀን ጀምሮ አሳው ከስቶ ይሁን እንቁላል ይዞ ሳላይ ቁመቱን አልጽፍም፣ እሳቸው ባይነግሩኝ ስንቱን የከሳ አሳ ለብቻው እመድበው ነበር።

አሁን ወደ ችግሯ። ውሃ አትችልም። ከጥቁር ውሃ ወንዝ ያመጣናቸውን ጋራዎች (ጋራ የአሳው የሳይንስ ስም ነው፣ አገጩ ስር ድንጋይ ላይ የሚለጠፍበት ክብ ነገር ያለው ትንሽ አሳ) በአንድ ቀን ሰላሳውን ለካሁና ከቀደሙት ጋር ሳወዳድር የአዲሶቹ ጭንቅላት በሙሉ ረዝሞ ወጣ፣ ማታውን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ አዲስ ነገር አገኘሁ ብዬ። አማካሪዬ ግን "እስቲ አድርቀሽው ድገሚው" አሉኝ። አድርቄ፣ ዜሮ አድርጌ፣ እንደገና ሰላሳውንም ለካሁ፣ ልዩነቱ የለም። ለካ ከአሳው የተንጠባጠበው ውሃ የካሊፐሯ ዘንግ ላይ ገብቶ ዜሮው ግማሽ ሚሊሜትር ዘሏል፣ ስክሪኑ ደሞ ምንም ምልክት አይሰጥም፣ ቁጥሩን በልበ ሙሉነት ነው የሚያሳያችሁ።

ይሄንን ሳልደጋግም ብጽፈው ኖሮ ምን እንደሚፈጠር ሳስበው ያስፈራኛል። የኛ አገር ጋራዎች ቀልድ አይደሉም፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ፕሮፌሰር አበበ ጌታሁንና ሜላኒ ስቲያስኒ ከኢትዮጵያ ብቻ አምስት አዲስ ዝርያ ገልጸዋል፣ አንዱ ጋራ ዱኦባርቢስ ሪዙ ሁለት ብቻ ነው ስሙም ከዛ የመጣ ነው። ጣና ላይ ደሞ ተቃራኒውን እዩት፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ባኒስተር የሚባል ተመራማሪ ብዙ ስሞችን አንድ የባርበስ (የአሳ ወገን ነው) ዝርያ ስር ጠቅልሎ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ናጌልከርከና ሲቢንግ የሚባሉ ተመራማሪዎች ቅርጻቸውን አንድ በአንድ ለክተው፣ የሚበሉትንና የሚኖሩበትን ጭምር አይተው ነው እንደገና የለዩአቸው፣ ዛሬ ጣና 15 ገደማ ትላልቅ ላቤኦባርበስ (ያኔ ባርበስ ይባሉ የነበሩት) ዝርያ አለው የሚባለው በዚህ አይነት ስራ ነው። ሆሎታይፑ፣ ማለትም ስሙን የሚሸከመው አንዱ አሳ፣ ሙዚየም ይቀመጣል፣ ከሃምሳ አመት በኋላ ሌላ ሰው አውጥቶ ይለካዋል፣ የሱ ቁጥር ከናንተ ጋር መግጠም አለበት።

ስለዚ እኔ አሁን እንዲህ ነው የማደርገው፣ ካሊፐሯን ስገዛ ይዤው የሄድኩት፣ ከመለዋወጫ ሱቅ የገዛሁት 608 የሚባል የሞተር ኩሽኔታ አለኝ፣ ውጪው 22፣ ቀዳዳው 8፣ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ነው። ጠዋት ስጀምር፣ በየአስር አሳው መሀልና ስጨርስ እለካዋለሁ። የኔዋ ደረቅ ሆና ከ0.03 በላይ ስታ አታውቅም፣ ለዋጋዋ በጣም አሪፍ ነው። አሳውን በጨርቅ ማድረቅ፣ ካሊፐሯን በሌላ ጨርቅ። ፎርማሊን ውስጥ የቆየና ትኩስ አሳ ደሞ አንድ ሰንጠረዥ ላይ እንዳትቀላቅሉ፣ የተቀመጠው ይኮማተራል።

ጠፍታም ባትሪ ትበላለች፣ ሳምንት የማልሰራባት ከሆነ ባትሪውን አወጣዋለሁ። 150 ሚሊሜትር ለጋራና ለትንንሾቹ ይበቃል፣ ለአምባዛ ግን አታስቡት፣ ለሱ የመለኪያ ሰሌዳ ያስፈልጋል። የፕላስቲኳን ርካሽ አይነት አትግዙ፣ ጓደኛዬ ያላት እሷ ነች፣ ስትጫኑት መንጋጋው ይለመጣል፣ አሳ ደሞ ለስላሳ ስለሆነ እጅ ሳይታወቅ ይጫናል።

ከ5 4 ሰጥቻታለሁ። ሱቅ ስትሄዱ ኩሽኔታውን ይዛችሁ ሂዱና እዛው ለክታችሁ ግዙ፣ እኔ የመጀመሪያዋን ውጪው ላይ 22.18 ስላነበበች መልሼ ነው ሁለተኛዋን የወሰድኩት።